ጾም የምታውቅ ሸረሪት

ታራንቱላ የሚባለውን ትልቅ ሸረሪት ማሳደግ እፈልጋለሁ ስላቸው እትዬ ከት ብለው ሳቁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ቤዝመንት አከራይተውኝ፣ ከላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። የምሬን መሆኑን ሲያውቁ ሳቁ ቆመ። ድመት እንዳልይዝ ያስነጥሰኛል፤ ውሻ እንዳልይዝ ቀኑን ሙሉ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭን ነው የምውለው። ከሥራ ስገባ የሚጠብቀኝ ነፍስ ያለው ነገር አማረኝ። ስምንት እግር ቢኖረውም ቅር አይለኝም ነበር።

"ሳላያት እቤቴ አትገባም፤ ካስቸገረችኝም በዚያው ቀን ትወጣለች" ብለው ካፖርታቸውን ደርበው ተከተሉኝ። ሁዳዴ ከገባ ሳምንቱ ነው። ሽማግሌ ይዞ ሚስት እንደሚመርጥ ሰው የቤት እንስሳት መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቆምኩ።

ሻጩ ሦስት ሸረሪቶች አሳየን። ሰማያዊዋ ታምራለች፤ ግን ፈጣንና ቁጡ ስለሆነች ለጀማሪ አትሆንም አለ። ሁለተኛዋ ስትናደድ የሆዷን ፀጉር እያራገፈች ትበትናለች። ሦስተኛዋ ከቺሊ የመጣች፣ ጸጉሯ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ አንድ እግር ለማንሳት ቀጠሮ የምትይዝ ዓይነት ነች።

"ምንድን ነው የምትበላው?" አሉኝ እትዬ።

"ፌንጣ። ከነነፍሱ።"

"በሁዳዴ? እኔ ቤት? እንዴት ተደርጎ!"

ድንግጥ አልኩ። "እትዬ፣ ሸረሪት እኮ ክርስቲያን አይደለችም" ብላቸው፣

"እቤቴ ከገባች ናት" አሉ። "በል ጠይቀው፤ ከነዚህ ውስጥ የምትጾም፣ ፋስት የምታደርግ የለችም?"

እያፈርኩ ጠየቅሁት። ሻጩ አልሳቀም። የቺሊዋን ጠቁሞ፣ ይቺ ካሰኛት ወራት ሙሉ ምግብ እንደማትነካ፣ ብዙ ሰውም ታመመችብኝ ብሎ እንደሚደነግጥ ነገረኝ። ስተረጉምላቸው እትዬ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

"የጨዋ ልጅ ናት" አሉ። መረጥን፤ ማለትም መረጡ።

እውነትም አንዲት ፌንጣ ሳትቀምስ ሁዳዴ አለቀ። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ዶሮው ቀርቦ እትዬ አልቆርስ አሉ። ፌንጣ አስቀድመው አስገዝተውኝ ስለነበር፣ ወንበራቸውን ሸረሪቷ ፊት ስበው ተቀመጡ።

"መጀመሪያ እሷ ትፍታ" አሉ። "ስንት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ጾሜ ብቻዬን ስፈታ ኖርኩ። ዘንድሮ እንኳ አብራኝ የጾመች አለች።"

"እኔስ?" አልኩ ከፍቶኝ።

"አንተማ ሺፍት ላይ ምን እንደምትበላ መች አጣሁት!"

ሸረሪቷ ፌንጣውን አየት አድርጋ ዞር አለች። እስከ ቀትር ጠበቅናት። ዶሮው ቀዘቀዘ፣ ሆዴ ጮኸ፣ እትዬ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ከቤት ያስወጧት ይሆን የሚለው ጭንቀቴ ያን ቀን ለቀቀኝ። የሚወጣ ቢኖር እኔ ነበርኩ።