መሬት ያልነካች ልጅ

ልጄ አሥራ አንድ ወር ሞልቷት አልዳኸችም ነበር። ካስቀመጥኋት ቦታ ንቅንቅ አትልም፤ በሆዷ ሳስተኛት ፊቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ዳር ባለው ሰፈራችን እኩዮቿ ግቢውን በጉልበታቸው ሲያካልሉት፣ የእኔዋ የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ሰው ሲጠይቀኝ "ትደርሳለች፣ ምን ያስቸኩላታል?" እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን እግሮቿን እየጨመቅሁ እፈትሻለሁ። ሽባ ብትሆንስ? ይህን ቃል ለማንም አውጥቼው አላውቅም፤ ለአባቷ እንኳ።

ጥፋቱ የእኔ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም። ከመውለዴ በፊት በነበረው ክረምት ዶካ ከተማ አጠገብ ሰሊጥ ስናርም፣ አብራን የምትሠራ ሴት ሕፃን ልጇን ዛፍ ጥላ ሥር አስተኝታው ነበር። ጊንጥ ነደፈው። መኪና እስኪገኝ፣ መኪናው ከጭቃ እስኪወጣ፣ ልጁ እቅፏ ውስጥ አረፈ። እኔ ያኔ እርጉዝ ነበርሁ። የእኔ ልጅ መሬት አትነካም ብዬ ለራሴ ማልሁ፤ መሐላዬንም ጠበቅሁ። ቀን በጀርባዬ አዝላታለሁ፣ ሲደክመኝ አልጋው ላይ አስቀምጣታለሁ። ጊንጥ እንዳይወጣበት የአልጋውን አራት እግሮች ውሃ በሞላባቸው ጣሳዎች ውስጥ አቁሜያቸዋለሁ። እንዲህ እያደረግሁ ጎበዝ እናት የሆንሁ ይመስለኝ ነበር፣ እኔ ሞኟ!

ከጎናችን ሱቅ ያላትን የወሎ ሴት እትዬ እላታለሁ። ዝናቡ ባቆመ ሰሞን ሳሙና ልገዛ ስሄድ ልጅቷን ጀርባዬ ላይ አየቻት።

"ይህች ልጅ መቼ ነው የምትወርደው?"

"ጊንጡን እፈራለሁ፣ እትዬ።"

"እዚሁ አገር አራት ወልጃለሁ። ወላሂ፣ እግሯን ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ ጊንጥ አይደለም።"

ተናደድሁ። ሳሙናውን ሳልይዝ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን፣ እውነቷን ቢሆንስ? አልሁ።

በማግስቱ እትዬ ራሷ መጣች። ደርቆ የተሰነጠቀውንና ጊንጥ የሚደበቅበትን የቤቴን የዋልካ ወለል በጭቃና በእበት አብረን ለቀለቅነው። ሲደርቅ ሰሌን አነጠፍሁ። እትዬ ማዘያዬን አጥፋ በልጅቷ ሆድ ሥር አሳለፈችና ሁለቱን ጫፎች ይዛ ትንሽ ከፍ አደረገቻት፤ እጆቿና ጉልበቶቿ ብቻ ሰሌኑን ነኩ። እኔ ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ "ነይ፣ ነይ የኔ እናት" እላለሁ። ልጅቷ ጩኸቷን አቀለጠችው። እኔም አብሬ አለቀስሁ።

"ኻላስ፣ ለዛሬ ይበቃል" አለች እትዬ።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አደረግን። እኔ ሰሌኑን ስገለብጥ፣ ሳራግፍ፣ አዲስ ስንጥቅ ስፈልግ እውላለሁ። ጥቁር ጉንዳን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቷ ተንቀሳቀሰ። አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። እትዬ ማዘያውን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፤ ልጄም ወደ እኔ ዳኸች። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የፈለገችበት መሄድ ትችላለች።

እትዬ ወጥታ ግቢው ውስጥ ተቀመጠችና በክፍቱ በር ጠራቻት። ልጄ እስከ ሰሌኑ ጫፍ ሄዳ ቆመች። እጇን ወደ መሬቱ ሰደድ አድርጋ መለሰችው። ዞራ አየችኝ፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ እንዳነሳት እጆቿን ዘረጋችልኝ። መሬቱ ምንም አድርጓት አያውቅም። መፍራቱን የለመደችው ከእኔ ነው፤ ያን ሁሉ ወር ጀርባዬ ላይ ሆና ልቤ ሲመታ ስትሰማ ኖራለች።

ላነሳት ብድግ አልሁ።

"ተያት!" አለችኝ እትዬ ከውጭ።

አጠገቧ ተንበረከክሁና መዳፌን ባዶው መሬት ላይ ዘረጋሁ። ልጄ እጄን አየችው፣ ቆየች። ከዚያ ትንሿን እጇን በላዩ አሳረፈች፣ ጉልበቷን አስከተለች፣ እጄን ተሻግራ አፈሩ ላይ ወረደች።