የዘይኑ ሌሴ ፌር

ዘይኑን በስደት በምንኖርበት በሪጀንት ፓርክ ሰፈር የምናውቀው «ሌሴ ፌር» በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር። እኔ ከእሱ በላይ ባለው ፎቅ እኖር ነበር።

ቃሉን የለቀመው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሲማር ነው። ፈረንሳይኛ ነው፤ «ተዋቸው፣ እንደፈለጉ ያድርጉ» እንደማለት። መንግሥት በገበያ እጁን አያስገባ ለማለት የተባለ ነው። ዘይኑ ግን ከገበያ አውጥቶ ሳሎኑ አስገባው። አልፈርድበትም። ቀበሌ ጓዳው ድረስ ዘልቆ ፍራሹን እየገለበጠ የፈተሸው ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኝ እንደ ክታብ ቢይዘው ምን ይገርማል?

የሚነዳውን ታክሲ አቁሞ ሲገባ መስኮቱ ጋ ይቆማል። በዳንዳስ መንገድ የትራም ሐዲድ ላይ በረዶው ሲወርድ እያየ፣ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚናገር ሰው «እዩት፣ ማንም አልገፋው፣ ማንም አልጎተተው» ይላል። እንስቅበታለን፤ ከዚያ ሳናውቀው አብረነው ፈዘን እናያለን። የተጣላ ባልና ሚስት እናስታርቅ ካልን ግን «ኖ፣ ኖ! ሌሴ ፌር! ቤታቸው ነው፣ ምን አገባን?» ብሎ ይቆጣል።

በፈረንጆች 1986 ፌብሯሪ ሚስቱ ቀመሪያ ልጃቸውን ይዛ እህቷ ዘንድ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ገባች። ከመሄዷ በፊት ሦስት ወር አኩርፋ ስትከርም «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ አልጠየቃትም አሉ። ይህንንም ነፃነት መስጠት ብሎት ይሆናል፣ የኔ ጅል!

በደንባችን ሽማግሌ ሳይጠራ ይገባል። እኔና ጎረቤቶቻችን ጀላልና ተክሌ ተሰበሰብን። «ሄደን ቢያባርረንስ?» አለ ጀላል። ቃሉን እናክብርለት ብለን ተውነው። እውነቱን ልናገር፣ «ይቅመሰው» ያልንበትም ነበር።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከበታቼ ወንበር ሲጎተት እሰማለሁ። ቤት እየጠረገ ነው እል ነበር። ከሄደች በአምስተኛው ቀን ግን አላስችል አለኝና ሁለቱን ይዤ ወረድኩ።

ገና አንዴ ሳንኳኳ ከፈተልን። ሥራ አልሄደም፤ ሱፉን ለብሶ ክራቫት አስሯል። ሳሎኑ መሀል ሦስት ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው ለራሱ አንድ ዱካ በርጩማ።

«ጋሼ ጥጋቡ» አለኝ፣ «አምስት ቀን ሙሉ የደረጃውን ኮቴ ሳዳምጥ... ሰው የለኝም እንዴ?»

አፈርኩ። ወንበሮቹ ላይ አልተቀመጥንም።

«ንዳ፣ ሬክስዴል አድርሰን» አልኩት። «አንተ መኪናው ውስጥ ትጠብቃለህ።»

ካፖርቱን እንኳ ሳይደርብ ደረጃውን ቀድሞን ወረደ።