አማት አስገብቶ የሚያስወጣ መኪና

ሰፈሩ «ሜትር» ነው የሚላት፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች መለኪያዋ ከአንገቷ አይወርድም። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። እሱ ደግሞ መኪናን የሚያየው በሱቁ ዓይን ነው፤ መስታወቱን ያያል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ አለቀ። መኪና እንግዛ ከተባለ ወዲህ ምሳውም እራቱም ክርክር ሆኗል።

«ጣሪያው የሚከፈት መሆን አለበት» ይላል።

«ክረምት በመጣ ቁጥር የቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ እያልክ ስትነጫነጭ ኖረህ፣ ጭራሽ የሚከፈት ልትገዛ?»

የሷ ሐሳብ ሌላ ነበር። ትንሿ ልጃቸው መንገድ በታጠፈ ቁጥር ታስመልሳለች፤ ስለዚህ ወንበሩ ተወልውሎ የሚጸዳ ይሁን። ከሁሉም በላይ ግን አማቷ አሉ። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ታክሲ ላይ መውጣት አቅቷቸው ቤት መዋል ሆኗል። ከከተማው ማዶ ያሉትን እህታቸውን የሚያገኟቸው በስልክ ብቻ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ስልኩን ሲዘጉ «እንግዲህ በሰማይ ያገናኘን» ማለት ጀምረዋል። ይቺ ቃል ሜትርን እንቅልፍ ነሳቻት።

መኪና መሸጫው ከቤታቸው ጀርባ ስለሆነ፣ ቅዳሜ አማቷን ደግፋ ቀስ እያለች ወሰደቻቸው።

«እማዬን ምን አመጣት? ልትነዳ ነው?» አለ ባል።

«ልብስ ባለቤቱ ሳይለካው ይሰፋል?»

የባል ልብ አንዲት ቀይ መኪና ላይ ቀረ። ዝቅ ያለች፣ የምታብረቀርቅ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። ወንበሯን አስተኝቶ ተንጋለለና «ወይ ምቾት! ጢሜን የሚላጨኝ ብቻ ነው የጠፋው» አለ።

«እማማ፣ እስቲ እርስዎም ከኋላ ይግቡ» አለች ሜትር።

መግባቱስ ቀላል ነበር፤ ወደቁበት። ጉዱ የፈላው መውጣቱ ላይ ነው። ወንበሩ ዋጥ አደረጋቸው። የመሸጫው ደላላ እጃቸውን ይዞ ይስባል፣ ልጃቸው በወዲያኛው በር ገብቶ ከጀርባ ይገፋል።

«አይዞሽ እማዬ፣ ትንሽ ብቻ ግፊ!»

«አንተን ስወልድ እንኳ እንዲህ አላማጥኩም!»

ደላላው ላቡን ጠረገ። «እናታችን፣ ጣሪያውን ልክፈተውና በዚያ ይሞክሩት?»

እንደምንም ወጡ። ባል ከዚያ በኋላ የጣሪያ ነገር አላነሳም።

ሜትር ጥግ ላይ ወደቆመች ነጭ መኪና ሄደች። ከፍ ያለች፣ ሳጥን የመሰለች፣ በሯ በጎን የሚንሸራተት።

«ይቺማ የዳቦ ማመላለሻ ናት!» አለ ባል።

ሜትር መለኪያዋን ዘረጋች። ከመሬት እስከ መቀመጫው ለካች፤ ከአማቷ ተረከዝ እስከ ጉልበታቸው ለካች። ልክክ አለ! አማቷ አረፍ አሉና እግራቸውን አንድ በአንድ አስገቡ። ወጡ። ደግመው ገቡ። ማንም አልነካቸውም። ወንበሩም ቆዳ መሳይ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል።

ሜትር ደስታዋን ዋጥ አድርጋ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ወደ ደላላው ዞረች። «ያው እንግዲህ፣ ቀለሟ ለቋል፤ ጎማዋም ቢሆን...»

ከውስጥ ድምፅ መጣ። አማቷ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። «እህቴ! መኪና ገዛን! እየመጣሁ ነው፣ በሩን ክፈቺ!»

«እማዬ፣ ገና አልገዛንም እኮ!»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ንዳ!»

ደላላው ጢሙን እያሻሸ ፈገግ አለ። ሜትር ስታሰላስለው የሰነበተችው የዋጋ ክርክር ሁሉ አፏ ላይ ቀረ። ባሏን ብታየው ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነክሷል።

«በል ክፈለው» አለችው፤ «አሁንስ እሳቸውን ከዚህ የሚያወጣ ደላላ አልተወለደም።»