ለዱዓ እጄን ስዘረጋ

ዛሬ አል ኸቢሲ ሰፈር፣ ሁላችንም «አሚን» ስንል፣ ዝም ያለው ዱዓ የምናደርግለት ጓደኛዬ ሰዒድ ብቻ ነበር።

ሰዒድ በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ እግሩም ጣቶቹም አይታዘዙለትም። ልጠይቀው ከአቡ ዳቢ እሱ ወዳለበት ወደ አል ዓይን ከተማ ሄድኩ።

ሰሞኑን ሴል ተክሎ ህብለ ሰረሰርን ስለመጠገን አንብቤያለሁ። አንድ ጽሑፍ አንብቦ ሐኪም የሆነ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ።

«ሴሉ ይተከልለታል፤ በእግሩ ይሄዳል፤ አሚን በሉ» አልኩ። ገና ሙከራ ላይ መሆኑን ዋጥኩት። እህቱ ዘይነባ አለቀሰች።

ሰዒድ እስክጨርስ ጠበቀኝ። «አንተዬ፣ እግሩ ይቆይ። ያ ሴል ጣት ያንቀሳቅሳል?»

«ሙከራ ነው፤ ገና አይታወቅም» አልኩት። እውነቱን የተናገርኩት ያን ጊዜ ነው።

«ቢያንቀሳቅስ ሻዬን ራሴ እጠጣ ነበር» አለና ፈገግ አለ። «ማጠጣቱስ ሙከራ ይፈልጋል?»

ዱዓው ከመጀመሩ በፊት ዘይነባ «አጠጣልኝ» ብላ የሻዩን ብርጭቆ የሰጠችው ለእኔ ነበር። ለዱዓ እጄን ስዘረጋ መሬት አስቀመጥኩት፤ እኔ ስናገር ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሳጠጣው ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እናንተስ? በሽተኛ አጠገብ ተቀምጣችሁ፣ የቸገረውን ሳትሰሙ ስታወሩ የዋላችሁ አላችሁ?