ከትሪው ጀርባ ያለችው ጨረቃ

ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ችግኝ ይተክላል፣ ወይ ባልና ሚስት ያስታርቃል። እኔ ግን በስልክ የጨረታ ዳኛ ሆንኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ማንም ስላልከለከለኝ ተሾምኩ።

ስልኬ ላይ ባለ አንድ የጨረታ ግሩፕ ውስጥ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ከአያት የወረሰውን ብር ቅብ ዕቃ ፎቶ እያነሳ ይለጥፋል፤ የሻይ ብራድ፣ የስኳር ማስቀመጫ፣ ማንኪያ፣ ትሪ። ገዢ ከስር ከስር ዋጋ ይጨምራል። እኔ ደግሞ "እውነተኛ ነው፣ ማስመሰያ ነው" እያልኩ እፈርዳለሁ። ደሴ ገበያ ዕድሜ ልኬን የሸጥኩት የፕላስቲክ ባልዲ መሆኑን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ሳልጠየቅ የምመልስ ሰው አይደለሁም።

ሐቁን ለመናገር ጥቂት ጥቂት አውቃለሁ። በእውነት ያረጀ ብር ቅብ እጅ በሚበዛበት ቦታ ይሳሳል፤ ጠርዙና እጀታው ላይ ከስር ያለው ቢጫ ናስ ብቅ ይላል። ሁሉም ቦታ እኩል ካብረቀረቀ ትናንት የተነከረ ነው። ይህችን ታህል ይዤ ዝም ብል ኖሮ ተከብሬ እሞት ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የኮምቦልቻ ሴት ትልቅ ክብ ትሪ ለጠፈች። ጠርዙ እንደሚገባው ሳስቷል። ጀርባው ላይ ግማሽ ጨረቃና ሦስት ጭረት አለ። ፎቶውን በሁለት ጣቴ ለጥጬ ለጥጬ አየሁና ፈረድኩ፦ "ይህ ያለ ጥርጥር የእንግሊዝ ፋብሪካ ማኅተም ነው። ጨረቃዋ የአንጥረኛው ምልክት ናት፤ ጭረቶቹ ብሩ ሦስት ጊዜ መነከሩን ያሳያሉ።" ከየት አመጣሁት? ጣቴ መጻፍ ሲጀምር አብሮ መጣ። ጨረታው ጦፈ።

በማግስቱ ሆጤ ሰፈር የምትኖረው ታላቅ እህቴ በሬን ሳታንኳኳ ገባች። የጻፍኩትን ልጇ አንብባላታለች።

"አንተ፣ ያቺ ጨረቃ የማን ናት አልክ?"

"የእንግሊዝ።"

"በምስማር የጫርኳት እኔ ነኝ! የእናታችን ትሪ ነው። ለሰርግ ስናውሰው ከሰው ትሪ እንዳይቀላቀል ብዬ። ጎረቤቶቻችን ለኒካህ ተውሰውት፣ ኮምቦልቻ ወርደው በዚያው ቀሩ። በልተህበት ያደግክበትን ትሪ እንዴት አታውቀውም?"

"እትዬ፣ እኔ የማውቀው በላይ በኩል ነው፤ ያውም ምግብ ሞልቶበት።"

አልሳቀችም። የልጇ ኒካህ ደርሷል፤ የእናታችን ትሪ ሳይቀርብ አይታሰርም ብላለች። ገንዘብ ከፍላ እንዳታስመልሰው ደግሞ ዋጋውን በገዛ ጣቴ ሰማይ ሰቅዬባታለሁ።

ሚኒባስ ይዘን ኮምቦልቻ ወረድን። መንገድ ላይ እኔ ገደሉን እያየሁ፣ ከእህቴ ቁጣና ከሱ የቱ እንደሚሻል ሳመዛዝን ነበር።

ባለትሪዋ ወጣት ናት፤ በአክብሮት አስቀምጣ እህቴን እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

"እማማ፣ ወላሂ ባምንዎት ደስ ባለኝ። ግን የግሩፑ ዳኛ የእንግሊዝ ነው ብሏል።"

"ዳኛው ይኸውልሽ" አለች እህቴ፣ በአገጯ እየጠቆመችኝ።

ሴትየዋ ከጫማዬ እስከ ቆቤ አየችኝ። "አባባ? ዳኛውማ ውጭ አገር የተማረ ነው ይባላል። ፎቶው ላይ እንኳ ከረባት አስሯል።"

ከረባቱ የፎቶ ቤቱ ነው፤ በወጣትነቴ ለመነሳት ያህል አውሰውኝ ወዲያው ከአንገቴ ፈቱት። ይህን ከማስረዳት ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊቷ ጻፍኩ፦ "ተሳስቻለሁ። ጨረቃዋን የጫረችው እህቴ ናት።"

መልስ ዘነበ። አንዱ "ስልካቸው ተጠልፏል" አለ። ሌላው "ሽማግሌው አጣጥለው ለራሳቸው ሊገዙት ነው፣ ንቁ!" ብሎ ዋጋ ጨመረ። በሱ ላይ ሌላም ጨመረ።

"ተው አንተ፣ እጅህን ሰብስብ! በተናገርክ ቁጥር ይወደዳል" አለች እህቴ።

ከዚያ ምስማርና ያረጀ የድስት ክዳን ጠየቀች። ግራኝ ናት። ክዳኑን ገልብጣ በግራ እጇ ጫረች፤ ጨረቃዋ ጫፏ ላይ ተጣመመች። ሦስት ጭረት አስከተለች፣ የመጨረሻው አጠር ያለ።

"ሦስቱ እኛ የእናታችን ልጆች ነን" አለች። "አጭሩ ይሄ ወንድሜ ነው።"

ሴትየዋ ክዳኑን ከትሪው ጎን አድርጋ አስተያየች፤ ጠማማው ጫፍም አጭሩ ጭረትም ልክ እንደ ትሪው ነበሩ። "አማቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ 'ይህ የደሴ ሰው አማና ነው፣ አደራ ነው' ይሉ ነበር። የማን እንደሆነ ሳይነግሩን ሞቱ። ጊዜው ሲረዝም እኛም የኛ መሰለን።" ትሪውን በሻርፗ ጠርጋ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

"ለኒካሁ ካልመጣሽ መለስሽ አልልም" አለቻት እህቴ፣ ትሪውን ደረቷ ላይ እያስጠጋች።

ሚኒባሱ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲያቃስት ስልኬ ይንጫጫል፤ እህቴ ጭን ላይ ለተቀመጠ ትሪ ሰው አሁንም ዋጋ ይጨምራል። ማን እንዳሸነፈ ለማየት ልከፍተው ስል፦

"ዝጋውና ይቺን ጠርዝ ያዝልኝ፣ ከበደኝ" አለች።

ያዝኩላት።