ወረቀቱን ሳላይ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ

ባለፈው እሁድ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ተላኩ... ለጋብቻ እንዳይመስላችሁ። ለአሜሪካ ጦር ነው!

የላከችኝ ብሌን ናት። እዚህ አሜሪካ፣ አስፐን ሂል ጎረቤቴ ናት። አስራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። አስራ ስምንት ስላልሞላት ጦር ውስጥ ለመግባት እናቷ መፈረም አለባቸው። እናቷ እትዬ ዘነበች ደግሞ «ወታደር» የሚለውን ቃል ከሰሙ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጃቸውን አኩርፈዋል።

ፓርኪንግ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «አንክል፣ ሽማግሌ ሁንልኝ። ማሚ ሽማግሌ አታሳፍርም።»

እዚህ አድጋ ይሄን ከየት አመጣችው ብዬ ሳቄ መጣ። «ሪዘርቭ እኮ ነው» አለችኝ። «በወር አንድ ዊኬንድ ብቻ። እዚሁ ኮሌጅ እማራለሁ፣ ቤቴ አድራለሁ።» ይሄማ ምን ክፋት አለው? እሺ አልኳት።

እዚሁ አሜሪካ ካለችው አሌክሳንድሪያ ጋሽ መኮንንን አስመጣን። እሳቸው ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፣ በሽምግልና ስንቱን ድረዋል። እንደ ደንቡ ሳሎኑ መሀል ቆመን «እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አልን። እትዬ ዘነበች አለቀሱ፣ ተቆጡ፣ ደግሞ አለቀሱ። ሃያ ደቂቃ ቆመናል። በመጨረሻ እንግሊዝኛ አዋቂው እኔ ስለሆንኩ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ።

«የምፈርምበትን ወረቀት አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ እትዬ። በወር አንዴ ነው።»

አላየሁትም ነበር። ልጅቷን አምኜ ነው... እውነቱን ልንገራችሁ ከተባለ ግን እግሬም ዝሎ ነበር፣ መቀመጥ አምሮኛል።

«እንግዲህ እናንተን አሳፍሬ አልመልስም» አሉ። ተቀመጥን።

ማክሰኞ ሊፈርሙ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ምልመላ ቢሮ ሦስታችን በእኔ መኪና ሄድን። የተቀበለን ወታደር ጨዋ ሰው ነው፣ ለእትዬ ራሱ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ብሌን እንደ ልማዷ ከእናቷ ጎን ሆና ማስተርጎም ጀመረች።

ወታደሩ ወረቀቱን በጣቱ እያሳየ በእንግሊዝኛ «አክቲቭ ዲዩቲ ነው፣ የሙሉ ጊዜ ወታደርነት፣ አራት ዓመት። የት እንደምትመደብ የሚታወቀው በኋላ ነው» አለ።

ብሌን ወደ እናቷ ዞረች። «በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው እያለ ነው፣ ማሚ።»

ክው አልኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ... እባክህን የሚል አስተያየት ነበር። እትዬ እስክሪብቶውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያየኸው ይሄው ነው አይደል?»

ዝም ልል ምንም አልቀረኝም። ግን እጃቸው ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ቆይ አይፈርሙ። አራት ዓመት ነው። ከዚህ ትሄዳለች።»

እስክሪብቶውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ልጃቸውን «ለምን?» ብቻ አሏት።

ብሌን እንባዋ መጣ። «ሪዘርቭ ማለት እዚሁ መቅረት ነው፣ ማሚ። ኮሌጅ፣ ሥራ፣ ያንቺ ቀጠሮ፣ ያንቺ ስልክ፣ ያንቺ ደብዳቤ... አይ አም ታየርድ! አራት ዓመት ልሂድ፣ ከዚያ ኮሌጁን እነሱ ይከፍሉልኛል።»

«ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ጆሮዬም አፌም አንቺ ነሽ» አሉ እትዬ። «ሐኪሙ ያለውን የነገርሽኝ አንቺ። የትምህርት ቤቱን አንቺ። የቤቱን ውል አንቺ። እሱንስ በትክክል ነው የነገርሽኝ?»

«ኦንሊ ዚስ ዋን፣ ማሚ። አይ ስዌር።»

እትዬ ይሄን ያህል እንግሊዝኛ የማይሰሙ ሆነው አይመስለኝም። ግን ወደ እኔ ዞረው «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። «ይሄን ብቻ ነው የዋሸሁት፣ እምላለሁ ትላለች» ብዬ የገዛ ልጃቸውን መሐላ እኔ አስተረጎምኩላቸው። እንዲህ ዓይነት ነገር ለማንም አይግጠመው።

ሳንፈርም ተመለስን። የሕንጻችን ደረጃ ላይ፣ ብሌን ቀድማን ስትወጣ፣ እትዬ ክንዴን ያዙኝ። «አንተንም ሌላ ወረቀት አሳይታ ነው ያታለለችህ፣ አይደል?»

«ደረጃው እንዳይጥልዎት» ብዬ ደግፌያቸው ወጣሁ።

በነጋታው ከሰዓት በሬን አንኳኩ። በእጃቸው ፌስታል ሙሉ ወረቀት፣ የአስር ዓመት። «አንብብልኝ» አሉ። «እሷ ምን ብላ እንደነገረችኝ እኔ አስታውሳለሁ።»

ይኸው ሦስተኛ ቀናችን ነው። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ብሌን ያኔ ያለቻቸውን ይነግሩኛል። የስኳር ምርመራው... ልክ። የኪራይ ጭማሪው... ልክ። ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መውደቋን የሚናገረውን ደብዳቤ ሳይቀር ልጅቷ አንድ ቃል ሳታጎድል ነግራቸዋለች! እኔ ብሆን «ጎበዝ ነው ይላል» ብዬ ነበር የማልፈው። እትዬ እዚህ ላይ ሲደርሱ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዛሬ ፌስታሉ ባዶ ሆነ። የቀረው ያ ያልተፈረመው ወረቀት ነው።

«ነገ እሱንም ከላይ እስከ ታች ታነብልኛለህ» አሉ። «ሪዘርቩም ምን እንደሆነ፣ አክቲቩም ምን እንደሆነ በደንብ ልስማና ከልጄ ጋር እንነጋገራለን። አንዷን ውሸቷን ይቅር ብያታለሁ። አንተን ማታለሏ ነው ከልቤ ያልወጣልኝ።»

ብሌን ደግሞ ምንም ወረቀት እንዳላሳየችኝ እያወቀች እስካሁን አላጋለጠችኝም።

በአስር ዓመት አንዴ የዋሸች ልጅ የሽማግሌዋንም ውሸት ተሸክማልኛለች... ነገ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ ይቅር እስኪሉኝ ድረስ ግን አልቀመጥም።