እኛ ቤት ናት አልኩት

ይህን ለባሌም፣ ለእናቴም፣ አብረውኝ ለሚጸልዩት እህቶችም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ቁርስ ቤት አለኝ። ባሌ ሉቃስ ከገደብ ቡና የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምስጋነች የምትባል ልጅ ጋቢና አስቀምጦ መጣ። ደላሎች በሞያሌ አሻግረን ደቡብ አፍሪካ እናደርስሻለን ብለው ከሆሳዕና ገጠር አስኮብልለዋት፣ ትኩሳት ሲጥላት ገደብ መንገድ ዳር ጥለዋት ሄደዋል።

"ሲሻላት ወደ ቤቷ እሸኛታለሁ" አለኝ።

አልጋ ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ። አጥሚት ያጠጣኋት እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ሰው ነበርኩ።

እሷ መዳን ስትጀምር እኔ ታመምኩ። ሉቃስ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ እኔ ጌዴኦ ነኝ፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ከእሷ ጋር ግን በሀዲይኛ ያወራል። ማውራት ብቻ ቢሆን! ከእኔ ጋር እራቱን በልቶ "ተመስገን" ብሎ የሚተኛ ሰው፣ ከእሷ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

"ምን አለችህ?" እለዋለሁ።

"ተይው፣ በአማርኛ አያስቅም።"

እንዴት ነው የምተወው? "እሁድ እናቷ መጥታ ትወስዳታለች" ሲለኝም አላመንኩትም። ስንት እሁድ አለ፣ አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰውዬ ቁርስ ቤቴ ገብቶ ስልኩ ላይ ፎቶዋን አሳየኝ። "እትዬ፣ ይህችን ልጅ አይተሻታል? ጉዞዋን ልናስቀጥላት ነው።" የደላሎቹ ሰው መሆኑ ገብቶኛል። አላየኋትም ማለት እችል ነበር። እኛ ቤት ናት አልኩት።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ራሴ ቤት ድረስ ወሰድኩት። አታውቀውም ነበርና ስታየው ወደ ኋላ አለች።

"አይዞሽ፣ ሉቃስ ነው የላከው። እናትሽ ጋ ያደርስሻል" አልኳት።

በዚህ አፌ ነው ያልኳት። ልጅቷ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። "እትዬ፣ ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ" አለችኝ። የግቢውን በር የከፈትኩላትም እኔ ነኝ።

ለሉቃስ፣ ልጅቷን የምታውቃቸው ሰዎች መጥተው ይዘዋት ሄዱ አልኩት። ምግቡን ሳይነካ ተነስቶ ወጣ። እስከ ሞያሌ ሄዶ ፈለጋት፤ አላገኛትም።

እሁድ እናቷ መጣች። ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ይዛልኛለች። የሆነውን ስትሰማ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። ቆይታ ተነሳችና ጉልበቴን ሳመች። ሉቃስ ተረጎመልኝ፦ "ልጄን አስታመሽልኛል፣ ትዳርሽን ይባርክልሽ ትልሻለች።"

አሜን አልኩ። አሜን! ቅቤውንም ተቀበልኩ።

ምስጋነች ትኑር አትኑር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ቅናት አሳወረኝ ብዬ ላመካኝ? አላሳወረኝም። ሰውየውንም፣ የልጅቷንም ፊት በደንብ እያየሁ ነው ያደረግኩት። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናቷ ነው። ለእሷ ብናገር ግን ሉቃስ ይሰማል፣ ይተወኛል። ስለዚህ ዝም እላለሁ። ዛሬም ከልጇ ይልቅ ባሌን መርጫለሁ።